እንዳለ ይተዉት

መጀመሪያ ያየሁት ሕመማቸውን ሳይሆን ንግዳቸውን ነው። መቆያው ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ሌባ ጣታቸውን ያሻል። ያሻል፣ ያሻል፣ አያቆምም። ጨርቅ የሚያውቅ ሰው የብትን ጨርቅ ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ሳስቶ እንደሆነ የሚመረምረው እንደዚያ ነው። በጣቶቻቸው መካከል ግን ምንም አልነበረም። «ነጋዴ ናቸው» አልኩ በልቤ። ልክ ነበርኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከመርካቶ ዱባይ፣ ዴይራ ገበያ እየተመላለሱ ጨርቅ በጅምላ ሲገዙ የኖሩ ሴት ናቸው። በኋላ እንዳጫወቱኝ፣ ሕመሙ ሲጀምራቸው ዓመት ያህል ማንም አልነቃባቸውም። ሱቃቸው የሚመጣ ሰው ሁሉ ጣታቸውን እያየ ዕቃ እየመረጡ ይመስለው ነበር።

«እኔም ይመስለኝ ነበር» አሉኝ እየሳቁ። «ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳሽ ጊዜ ነው የነቃሁት። እዚያ ምን ጨርቅ አለ?»

ያን ጊዜ ሻርጃ፣ አል ተዓውን ውስጥ አንድ የሕክምና ማዕከል እሠራ ነበር። ወረቀቴ «ረዳት» ይላል። አልጋ አነጥፋለሁ፣ ታማሚ ክንዱን ይዤ አራምዳለሁ፣ ወለል አጸዳለሁ። የምኖረው ዓጅማን ነው፣ ስድስት ሆነን በምንጋራው ክፍል ውስጥ፣ ቢድ ስፔስ፣ የላይኛው አልጋ። ጠዋት አውቶቡስ ላይ ስልኬ ላይ ግጥም እጽፋለሁ፤ ስመለስ አጠፋዋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች አልጋዬ ሲንቀሳቀስ «ደግሞ ጀመራት» ይላሉ።

ዓረብኛ ያስተማረችኝ ማዳም ናት። መጀመሪያ በኤጀንሲ የገባሁበት ቤት ሦስት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ዓረብኛዬም የዚያ ቤት ዓረብኛ ነው። አምጪ፣ ውሰጂ፣ እጠቢ፣ ያላ፣ ኸላስ። ከሁሉ አብዝታ የምትለኝ «ኸሊ» ነበር። ብርጭቆ ሳነሳ ኸሊ፣ መጋረጃ ስከፍት ኸሊ። ተይ፣ ተዪው፣ አትንኪው። ዓረብኛዬ ያው ወጥ ቤት ውስጥ ያደገ ነው፤ ግን ፈጣን ነው፣ አፌም አይፈራም። ስለዚህ ማዕከሉ ኢትዮጵያዊ ታማሚ ሲመጣለት የሚጠራው እኔን ሆነ። ነጭ ጋዋን አጥልቄ በሐኪምና በታማሚ መካከል ስቆም ከወለል ማጽጃው የወጣሁ ይመስለኝ ነበር። ወድጄው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከሕመምተኞቹ ይልቅ መሃል ቆሜ የሚሰማኝን ድምፄን ነበር የወደድኩት።

ነጋዴዋን፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ያመጣቸው ልጃቸው ነው። ዱባይ ውስጥ አንድ ሆቴል የቢሮ ሥራ አለው፣ ቤቱ ከማዕከሉ ሁለት ሕንፃ አልፎ ነው። በጉብኝት ቪዛ ያስመጣቸው ለዚህ ሕክምና ብሎ ነው። ሐኪሙ ለልጁ ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ አስረዳው፣ ልጁም ፈረመ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፤ ሹግል፣ ሥራ ነው ብሎ የእናቱን ግንባር ስሞ ሮጠ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «አሁን ለእሳቸው ንገሪያቸው» አለኝ በዓረብኛ።

የነገረኝ ይህን ነው። ሕመሙ ፓርኪንሰን ነው። አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያለሰልስ ንጥረ ነገር የሚያመርቱት ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ኪኒኑ የጎደለውን ይተካል። ማሽኑ ሌላ ነው፤ ራስ አይከፈትም፣ መርፌ አይወጋም። ስምንት ቁጥር የመሰለ ጥቅል ሽቦ ራስ ላይ ይጠጋና ቶሎ ቶሎ የሚመታ የመግነጢስ ኃይል ይፈጥራል፤ እሱም አጥንቱን አልፎ፣ እጅና እግርን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ላይ ትንሽ ኮረንቲ ይቀሰቅሳል። አያድንም። ለአንዳንዱ ሰው ለጥቂት ሳምንት ወይም ወር መራመዱን ያቀልለታል፤ ለአንዳንዱ ምንም አያደርግለትም። አሥር ጊዜ ነው፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ሁለት ሳምንት። ከኪኒኑ ጋር የሚሰጥ ነው እንጂ በኪኒኑ ፋንታ አይደለም።

ይህን ሁሉ ያን ቀንም ተረድቼዋለሁ። የሚከነክነኝም ይኸው ነው። ያልገባኝ ነገር ቢኖር ኖሮ ዛሬ በእሱ አሳብብ ነበር።

እትዬ ሁሉን ሰምተው፣ «እግሬ ሱቄ ድረስ ያድርሰኝ በይው» አሉኝ። «ሌላ አልጠይቀውም። መሮጥ አላማረኝም። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ፣ ማታ ዘግቼ ልመለስ። ቁልፌ በእጄ ይሁን።»

ነገርኩት። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ ቃል አልገባላቸውም።

«ስንት ቀን ነው?» አሉ።

«ሁለት ሳምንት» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ከፊቴ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ ሴት ናቸው፤ ለእሳቸው የሚመጥን ቃል ፈለግኩ፤ ወዲያው መጣልኝ። «ሁለት ሱባኤ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ማሽኑን አሁን ገና እንዳዩት ሁሉ ቀና ብለው አዩት። እኔ ደግሞ ፊታቸው ሲበራ አይቼ ደስ አለኝ። ጥሩ ስንኝ ሲገጥምልኝ የሚሰማኝ ዓይነት ደስታ ነበር።

«ኪኒኑስ?» አሉ።

ሐኪሙን ጠየቅኩት። «ኸሊ ደዋ ሚስል ማ ሁ» አለ እየጻፈ፣ ቀና ሳይል። ኸሊ ይህችው የማዳም ቃል ናት። ሦስት ዓመት ስትወርድብኝ ኖራለች፣ ማሰብ አላስፈለገኝም።

«መድኃኒቱን እንዳለ ይተዉት» አልኳቸው።

«እንዳለ?»

«አዎ፣ እንዳለ።»

«እሺ የኔ ልጅ» አሉ።

በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ ጥቅል ሽቦውን አናታቸው ላይ እያንቀሳቀሰ ቦታውንና የኃይሉን መጠን ፈለገ። ጠቅ ያደርገዋል፣ ይጠብቃል፣ ትንሽ ፈቀቅ ያደርገዋል፣ እንደገና ጠቅ። ድንገት የግራ አውራ ጣታቸው ብቻዋን ዘለለች።

«ማነው የጠቀሰኝ?» ብለው ዞሩ።

«ማንም አልነካዎትም፣ እትዬ። ማሽኑ ነው።»

«ራሴን ነክቶ ጣቴን የሚያስዘልል? እንዲህ ዓይነት ደላላ ዴይራም አላየሁ።» ሐኪሙን በዓረብኛ ጠየቁት፤ የእሳቸው ዓረብኛ የገበያ ብቻ ነው። «ከም? አኺር ከም?» የማሽኑን የመጨረሻ ዋጋ ነበር የጠየቁት። ሐኪሙ ሳቀ። ከዚያ የጆሮ መድፈኛ አደረግንላቸው፣ ማሽኑም ይመታ ጀመር፣ ጠጠጠጠ ይላል፣ ያርፋል፣ ጠጠጠጠ ይላል። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። መዝሙረ ዳዊት መሆኑን በሁለተኛው ቀን ነው ያወቅኩት። እንዴት ደስ ይላል አልኩ። በአውቶቡስ ላይ ስለዚሁ ጽፌ ሳላጠፋው ቀረሁ።

በየቀኑ ከመጀመራችን በፊት የምሞላው ቅጽ ነበር። የራስ ምታት አለ? እንቅልፍ እንዴት ነው? መድኃኒት ላይ ለውጥ አለ?

«መድኃኒት ላይ ለውጥ አለ፣ እትዬ?»

«እንዳልሽኝ ነው» ይላሉ።

እኔም «ለውጥ የለም» በሚለው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። አምስት ቀን አምስት ምልክት። ወረቀቶቹን ዛሬም ማየት እችላለሁ፤ ምልክቶቼ የሚያምሩ ናቸው፣ ጅራታቸው ወደ ላይ የተሳበ።

በሦስተኛው ቀን ሲነሱ ሁለቴ ሞክረው ነው የተነሱት። በአራተኛው ቀን በር ላይ እግራቸው ከወለሉ ጋር ተጣበቀ፤ ወገባቸው ወደፊት ሄደ፣ እግራቸው ቀረ፤ ደግፌ ያዝኳቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ጨዋታ ሁሉ ጠፋ። አዝነው አልነበረም፣ የፊታቸው ሥጋ ነበር አልታዘዝ ያላቸው። ሐኪሙ ግራ ተጋብቶ ኃይሉን ትንሽ ቀነሰ። «የማይስማማቸው ሊሆን ይችላል» አለኝ።

«አይዞሽ» አሉኝ እትዬ፣ እኔ ነኝ አይዞዎት ማለት የነበረብኝ። «መጀመሪያ ይብሳል። ሲለቅ እንደዚህ ነው።»

ምን ሲለቅ ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

በአምስተኛው ቀን ልጃቸው ከሥራ መውጣት ስላልቻለ ቤታቸው ድረስ እንዳደርሳቸው ታዘዝኩ። ሁለት ሕንፃ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። የእግረኛው መንገድ ላይ ጥላ እየፈለግን፣ አንድ እርምጃ ስንራመድ ሁለቴ ስንቆም። ቤት ገብተው ሶፋ ላይ እንደተቀመጡ፣ «ከቦርሳዬ ሻርፔን አቀብይኝ፣ ኤሲው በረደኝ» አሉኝ። ቦርሳውን ስከፍት ሻርፑ ላይ የተቋጠረ መሐረብ ነበር። ስስበው ተፈታና ኪኒኖች ምንጣፉ ላይ ተበተኑ። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ብዙ።

«ቀስ!» አሉ። «ልጄ የገዛው ነው፣ እንዳይጠፋ። ሱባኤዬን ስጨርስ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።»

ተንበርክኬ እየለቀምኩ ነበር። እጄ ቆመ። «እትዬ፣ ኪኒን እየዋጡ አይደለም?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ እንዳለ ይተዉት ያልሽኝ?»

ያን ጊዜ ነው የገዛ አማርኛዬን የሰማሁት። ባለበት ይቀጥሉ ማለቴ ነበር። እሳቸው የሰሙት ሙሉ በሙሉ ያቁሙ ነው። ሁለቱም አማርኛ ነው፤ እንዲያውም የእሳቸው አሰማም የእኔን አነጋገር ይበልጣል፤ ጤነኛ ሰው ቢሰማው የሚረዳው እንደ እሳቸው ነው። እኔ ማዳም ያስተማረችኝን ኸሊን «ተይ» ብዬ ገልብጬ ሰጠኋቸው፣ በላዩ ደግሞ ሱባኤ ጨመርኩበት።

«ጠበል ላይስ ቢሆን» አሉ፣ «ኪኒን እየዋጡ ነው እንዴ የሚጠመቁት? ለልጄ አልነገርኩትም። የቢሮ ሰው ነው፣ ይስቅብኛል። ሱባኤ ደግሞ አይወራም።»

እዚያው ስልኬን አውጥቼ ሐኪሙ ጋ መደወል ነበረብኝ። ስልኬ በኪሴ ነበር። አልደወልኩም። ያሰብኩት ስለ እሳቸው አልነበረም፤ ስለ ነጭ ጋዋኑ ነበር።

«ሐኪሙ…» አልኩ፣ ኪኒኖቹን መሐረቡ ላይ እየመለስኩ፣ «ሐኪሙ ከአምስተኛው ቀን በኋላ ይጀምሩ ብሏል። ከዛሬ ጀምረው ይዋጡ።»

«ሱባኤው ሳያልቅ?»

«አዎ፣ እንዲያ ነው ሥርዓቱ።»

ሥርዓቱ አልኩ። ከማን አፍ እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ውኃ አቀበልኳቸው፣ አንዱን ዋጡ፣ ወጣሁ።

ቀጥሎ ባሉት ሁለት ቀናት ማዕከሉ ዝግ ነበር። ዓጅማን አልጋዬ ላይ ተኝቼ፣ ሊሻላቸው ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ያን ጊዜ ያላወቅኩት ነገር ግን ነበር፤ እትዬ ነጋዴ ናቸው፣ የጎደለ ነገር አይወዱም፤ ያልዋጡትን ለማካካስ ሦስት ኪኒን በአንድ ጊዜ ውጠዋል። አስመለሳቸው፣ ዞረባቸው፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወደቁ።

ከዕረፍቱ በኋላ ሲመጡ ልጃቸው በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ አመጣቸው። ቅንድባቸው ላይ ጥቁር እብጠት ነበር፣ እንደ ወይራ ፍሬ። ልጁ ኪኒኖቹ ያሉበትን መሐረብ በእጁ ይዟል፣ ቦርሳቸው ውስጥ አግኝቶት።

ሐኪሙ መሐረቡን አየ፣ እኔን አየኝ። «ጠይቂያቸው። ለምን አልወሰዱም?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት እትዬ ተናገሩ። ፊታቸው የደነዘዘ ነው፣ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። «ረስቼ ነው በይው። አሮጊት ናት፣ ረሳች በይው።»

«እትዬ…»

«በይው እንጂ! አንቺ እንጀራሽ እዚህ ነው። እኔ ነገ ሂያጅ ነኝ።»

ልጁ ስልክ ላይ ነበር፣ ይህን አልሰማም። ሐኪሙ ይጠብቃል። እኔም ተረጎምኩ። «ነሲት» አልኩ። ረሳች። አንድ ቃል ናት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አጥርቼ የተረጎምኩበት ቀን የለም።

ከዚያ ነገሩ የራሱን መንገድ ያዘ። ሐኪሙ ልጁን በእንግሊዝኛ አነጋገረው፤ በዚህ ሕመም የማስታወስ ችሎታም አብሮ ሊዳከም እንደሚችል፣ መመርመር እንዳለባቸው። ኪኒኑን እንደገና በትንሽ በትንሹ አስጀመራቸው፣ ማሽኑን ለጥቂት ቀናት አቆመው። ልጁ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ለእህቱ ሲደውል ወለል እያጸዳሁ ነበር።

«እማዬ መርሳት ጀምራለች» ይላል። «አዎ፣ መድኃኒቷን ሳይቀር። አይ፣ ከዚህ በኋላ ሱቁን ብቻዋን አትችልም። ቁልፉን ከጎረቤት ተቀበዪና አንቺ ያዢው። ለእሷ አሁን አትንገሪያት።»

መወልወያው ያንኑ አንድ ንጣፍ ደጋግሞ ሲወለውል አየሁት። ንግግሩ ገብቶኛል። አልተነቃነቅኩም። ማታ መኝታዬ ላይ ሆኜ «ነገ እነግረዋለሁ» አልኩ። በማግስቱም እንደዚያው አልኩ። ከፍርሃቴ ይልቅ የሚያሳፍረኝ፣ በእነዚያ ቀናት ውስጥ እትዬን አንድ ጊዜ አመስግኛቸዋለሁ። በጆሯቸው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ።

የማስታወስ ምርመራውንም እንድተረጉም የተጠራሁት እኔ ነኝ። ልጁ አጠገባቸው ቆሟል። አምስት ቃል ተነግሯቸው፣ ቆይተው እንዲደግሙ፤ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲቆጥሩ። የሒሳቡን ጥያቄ ሲሰሙ ሳቁ፤ ኪኒኑ መሥራት ጀምሮ ነበር፣ ፊታቸው ሳቅ ይችል ነበር።

«ሰባት? ይሄን ነው ፈተና ያለው? ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ሰባ ሁለት፣ ስልሳ አምስት፣ ሃምሳ ስምንት… ልቀጥልለት ወይስ ይበቃዋል? ኸላስ?»

አምስቱንም ቃላት መለሱ። የመጨረሻው «ቲማቲም» ነበር፤ «እሱም ውድ ነው አሁን» ብለው ጨመሩበት። ይህንንም ተረጎምኩ።

ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ አየ። አልሳቀም። «ማስታወሳቸው ምንም አልሆነም» አለ። «እንግዲያው አምስት ቀን መድኃኒት እንዴት ረሱ? ጠይቂያቸው።»

ጠየቅኳቸው። «ረሳሁ አልኩት እኮ» አሉ፣ ድምፃቸው ደክሞ። ልጃቸው ትከሻቸውን ያዝ አደረጋቸው፣ ትንሽ ልጅ እንደሚያዝ። ያን አያያዝ ነው ያልቻልኩት። ሃያ ዓመት ዴይራን ያንቀጠቀጡ ሴት ትከሻ ነው።

«ላ» አልኩ። «ሂያ ማ ነሲት። አና።» እሳቸው አልረሱም፣ እኔ ነኝ።

ዓረብኛዬ እዚያ ላይ አለቀብኝ፤ «ተዪው»ም «ባለበት ይቀጥል»ም በዓረብኛ ያው ኸሊ ነው። ኸሊ ያልከኝን ተዉት አልኩ ብል፣ ሐኪሙ «እኔም እኮ ኸሊ ነው ያልኩት» ይለኛል። በመጨረሻ ወደ ልጁ ዞርኩና በአማርኛ ነገርኩት፤ ሱባኤውን፣ ኪኒኑን፣ ሥርዓቱ ነው ብዬ የዋሸሁትን፣ የተረጎምኩትን ውሸት።

«ምን ነበር ያልሻት?» አለ። «ቃል በቃል።»

«መድኃኒቱን እንዳለ ይተዉት።»

«መድኃኒቱን እንዳለ ይተዉት…» ደገመው፣ መጀመሪያ እኔ እንዳልኩት። ከዚያ እንደገና ለራሱ አለው፣ «እንዳለ» ላይ ድምፁን ጥሎ፣ እናቱ እንደሰሙት። ፊቱ ተለወጠ። ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ አስረዳው። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሳይቆጣ፣ «ቅጹን በየቀኑ ፈርሜበታለሁ፤ ልጃቸውን አንድ ቀን መጠየቅ እችል ነበር» አለ። ይህ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ፤ ስህተቴን ሰው ሲካፈለኝ ማየት አልፈለግኩም።

የተቆጡት እትዬ ናቸው። «ማን ተናገሪ አለሽ?» አሉኝ። «እኔ ሸፈንኩሽ፣ አንቺ ገለጥሽኝ። አሁን ልጄ ፊት ሱባኤ የያዝኩ ሞኝ ሆንኩ!»

«እማዬ፣ ሞኝ ማን አለሽ» አለ ልጁ።

«አንተ ዝም በል። አንተ ደግሞ ረሳች ብለህ ለስንቱ ነው የነገርከው?»

ልጁ ስልኩን አየ። ቁልፉ እህቱ እጅ ገብቶ ነበር። በኋላ ደውሎ እንዲመለስ እንደጠየቀ፣ እህቱ ግን «ለጥንቃቄ እኔው ጋ ይቆይ» እንዳለችው ሰማሁ። ትርጉም ይስተካከላል፣ ፋይልም ይስተካከላል። መርሳት ጀምራለች የሚለው ወሬ ግን አዲስ አበባ ደርሶ ከዘመድ ዘመድ ይዞር ነበር፤ ያን የሚመልስ ደብዳቤ የለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማስተርጎም ተከለከልኩ። በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ተገኘ፤ ድምፁ ከድምፅ ማጉያው ይወጣል፣ ቀስ ብሎ፣ ሳያሳምር። «መድኃኒትዎን በየቀኑ፣ በተለመደው ሰዓት፣ በተለመደው መጠን ይውሰዱ» ይላል። እንዲህ ነበር የሚባለው። ምን ችግር ነበረው? አልጋውን እያነጠፍኩ እሰማዋለሁ። እትዬ አያዩኝም ነበር።

ቀሪዎቹ አምስት ጊዜያት አለቁ። በመጨረሻው ቀን ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ አስራመዳቸው፤ ሄደው፣ ዞረው፣ ተመለሱ። በደህና ተራመዱ። መዞሩ ላይ ቀደም ብሎ ብዙ ትናንሽ እርምጃ ይፈጅባቸው ነበር፤ አሁን በአራት ዞሩ። እኔ ጥግ ቆሜ ቆጠርኩ።

ልጁ፣ «ታዲያ ማሽኑ ሠርቷል ማለት ነው?» አለው ሐኪሙን። «ከጥቂት ወራት በኋላ ላምጣት?» ከሠራ፣ በየጊዜው እያመጣቸው ሱቃቸውን ይቀጥላሉ። ካልሠራ፣ ሱቁ ይዘጋል። ይህን በእትዬ ፊት ነው የተናገረው፣ እሳቸውም የስልኩን ተርጓሚ እየሰሙ ይጠብቃሉ።

ሐኪሙ ፋይሉን ገለጠ። «አላውቅም» አለ። «የመጀመሪያው ሳምንት ያለ መድኃኒት ነበር፣ ከዚያ ከመጠን በላይ ወስደዋል፣ ከዚያ እንደገና ጀመርን። መሻላቸው ከማሽኑ ይሁን ከኪኒኑ መለየት አልችልም። በትክክል ቢጀመር ኖሮ አንድ ነገር እነግርዎ ነበር።»

ተርጓሚው በስልክ ተረጎመው። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጁ መኪናውን ሊያመጣ ወረደ፣ እኔ ደግሞ በር ድረስ እንዳደርሳቸው ታዘዝኩ። ብቻችንን ስንሆን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገሩኝ።

«አንቺ ልጅ። ያ የስልኩ ሰውዬ ደረቅ ነው፣ አልገባኝም። ሠርቶልኛል ወይስ አልሠራልኝም?»

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። «ሠርቶልዎታል፣ እትዬ» ብል ልጃቸው ዘንድ ሄደው ይከራከሩበታል፤ ነጋዴ ናቸው፣ ያሸንፉም ይሆናል። ሱቃቸውን ይከፍታሉ። ማን ያውቃል፣ እውነትም ሠርቶላቸው ይሆናል።

«አይታወቅም» አልኳቸው። «እንዳይታወቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። መኪናው መጣ፣ ልጁ በሩን ከፈተ። ልደግፋቸው ክንዳቸውን ያዝኩ፤ አላስለቀቁኝም፣ አልተደገፉብኝምም። ተቀመጡና ቀበቷቸውን ራሳቸው ፈልገው አሰሩ።

«ምን አለችሽ፣ እማዬ?» አለ ልጁ።

«ምንም» አሉ። «ያላ፣ ንዳ።»